ጠርሙሱ መቐለ ሲደርስ

መቐለ፣ ሰሜን
የካቲት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ለባርናባስ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ደህና አይደለሁም፤ አልዋሽህም። እማዬም ደህና አይደለችም። ከደብረ ታቦር ከመጣች ጀምሮ አልጋህን በየጠዋቱ ታነጥፋለች፣ ማታ ግን መሬት ላይ ነው የምትተኛው። አከራያችን እትዬ ኣብርሀት በር ላይ ቆመው «ወደይ፣ ኣዴኻ በሊዓ'ዶ?» ይሉኛል። በልታለች እላቸዋለሁ። አያምኑኝም፤ ገብተው ሳህኑን ያያሉ።

ልትሄድ ስትል «ከጥምቀት በኋላ እመለሳለሁ፣ የፊዚክስ የቤት ሥራህን ጨርሰህ ጠብቀኝ» አልከኝ። ጨርሼ ጠበቅኩህ። የት ነው የምትሄደው ስልህ «ቆላ» አልከኝ። ጅቡቲ ድረስ ነው ቆላ? ስትመለስ የተሳፈርክበት የጭነት መኪና ሚሌ መንገድ ላይ መገልበጡን የነገረኝ ፖሊስ ነው። እኔ ደግሞ ለፖሊሱ «ተሳስተዋል፣ ወንድሜ ጅቡቲ ምን ሊያደርግ ይሄዳል» ብዬ ተከራከርኩት። ሰውየው አዘነልኝና መታወቂያህን አሳየኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን በለቅሶህ ላይ የተባለው ነው። አለቃህ ዶክተር ገብረተንሳኤ መጣ። (አንቱ ልለው ሞከርኩ፤ ከእጄ አልወጣ አለኝ።) እማዬ እንደዚያ ሆና እጁን ይዛ «ልጄ እዚያ ምን ሊሠራ ነው የሄደው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም «እናቴ፣ እኛ አልላክነውም። በራሱ ጉዳይ ነው የሄደው» አላት። ከኋላው የተቀመጠ አንድ ሰው «የጅቡቲ ጉዳይ እንደሆነ ይታወቃል» አለ፣ ሌላው ሳል አስመስሎ ሳቀ። ሻንጣህ ውስጥ ሽርጥና ድሪያ የሚሉት የሴት ቀሚስ መገኘቱን ሰምተዋላ። ዶክተሩ ዝም አሰኛቸው? አላሰኛቸውም። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ለአንድ ሽርጥና ለአንዲት ድሪያ! አንተ ካልሲህን እንኳ እኔ ነበርኩ የምገዛልህ።

ይህም አልበቃው። አብራህ የምትሠራው ሰርካዲስ እንደነገረችኝ ስለ ምላሷም አንተን ነው የሚከስሰው። አንተ «ምላስ» ያልካት፣ ሁለት ዓመት የደከምክባት፣ ባሕር ውስጥ ተንጠልጥላ የውሃውን አሲድነት እየቀመሰች በኤሌክትሪክ የምትናገረው መሣሪያ። ባሕሩ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለወጥ ትነግረናለች ያልከኝ። «ባሕር የሌለው ሰው ስለ ባሕር ምን ያገባዋል?» ሲሉህ «ዝናባችሁ ከየት ይመጣል?» ትላቸው ነበር። እሷ ከጥቅምት ጀምሮ የተሳሳተ ቁጥር የሰጠችው አንተ ቸኩለህ ስላሸግካት ነው ይላል። ሰው ሞቶ ነው እንዴ ስህተት የሚገኝበት?

እማዬ ከሰማንያ ቀን ተዝካርህ በኋላ አገሯ ትገባለች። ልጇን ቀጣፊና ኮንትሮባንዲስት አድርጋ ይዛ እንድትገባ አልፈልግም። ስለዚህ ንገረኝ፤ ምን ልትሠራ ሄድክ?

ሌላ አድራሻ አላውቅልህም። ጠረጴዛህ ላይ ባገኘሁት ፖስታ ላይ «በሾፌር ሙነወር በኩል፣ ለጀላሉ፣ ጅቡቲ» ይላል። እዚያ ልኬዋለሁ።

ወንድምህ ሔሩይ


ጅቡቲ
የካቲት 15 ቀን 1999

በአላህ ስም እጀምራለሁ።

ለወንድሜ ለሔሩይ፣ አላህ ያጽናህ፣ እናትህንም ያጽናልን።

ለባርናባስ የጻፍከውን ደብዳቤ ሙነወር አደረሰኝ። የሞተ ሰው ደብዳቤ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም ብዬ የምጠይቀው ሰው አጣሁና አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ዙሀራ «ክፈተው፣ ልጁ የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል» አለችኝ። ለኔ ብለህ ያስገባሃትንም ቁራጭ ወረቀት አነበብኩ።

እኔን አታውቀኝም። አገሬ ወሎ ነው፣ ሐይቅ። እዚህ የጀልባ መቆሚያ ጠባቂ ነኝ። ወንድምህ ጥቅምት ላይ ምላሷን አምጥቶ ከመቆሚያው ሥር አንጠለጠላትና ለኔ አደራ ሰጠኝ። ባሕር የገባበትን ነገር ሁሉ ልብስ ያለብሰዋል፤ አረንጓዴ ዝልግልግ ይለጠፍበታል፣ ትንንሽ ዛጎል ያበቅላል። በየሳምንቱ አውጥቼ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ አጸዳታለሁ። ያጠራቀመችውን ቁጥር ደግሞ ገልብጬ በየወሩ ለዶክተሩ እልካለሁ። አሁን ደህና ናት። ከጥምቀታችሁ ወዲህ ቁጥሯ ንቅንቅ አላለም።

ለጠየቅኸኝ፦ አዎ፣ በልቷል። ዓሣ በሩዝ በላ፤ ዙሀራ በርበሬ አብዝታበት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አልታመመም ነበር። ስለ አንተ አውርቷል፤ «ፊዚክስ ይጠላል እንጂ ጭንቅላቱስ ከኔ ይበልጣል» አለ። ስለ አገሩ አላወራም። ሲሄድ ሸኝቼዋለሁ፣ መኪናው ላይ ሲወጣ ወደኋላ አልዞረም፤ እንቅልፍ ይዞት ነበር።

ለምን መጣ ላልከኝ፣ እንግዳ ሆኖ መጣ ልበልህ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

አንቱ አትበለኝ። ወንድምህ አንተ ነበር የሚለኝ።

ጀላሉ


ጅቡቲ
መጋቢት 4 ቀን 1999

በአላህ ስም።

ሔሩይ፣ ስድብህ ደረሰኝ። ሙነወር ፖስታውን ሲሰጠኝ «ልጁ ወረወረልኝና ሄደ» ስላለኝ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ደግ አደረግህ። ሰው ወንድሙን ሲሰድቡበት ዝም ካለ ወንድም አይደለም። እኔን «ከነሱ አንዱ ነህ» ማለትህ ግን አመመኝ፤ ያንን ይቅር በለኝ ብለህ እስክትጽፍ እጠብቃለሁ።

ሽርጥና ድሪያ ስላልከው። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሽርጡን ለአንተ፣ ድሪያውን ለእናትህ፤ የመረጠችው ዙሀራ ናት። ሌላ ያለው እፍኝ ቴምር ነበር፤ እሱ መቼም ተበልቶ ይሆናል። እንግዳ ባዶ እጁን ከቤታችን አይወጣም። እኛ ለስጦታ ያሰርነውን እነሱ ለስም ማጥፊያ ፈቱት። ይህን ስትሰማ ዙሀራ አልቅሳ አልቅሳ «ምነው ባልሰጠሁት» አለች። ለእናትህ እንደዚህ ብለህ ንገራት፤ ድሪያውን ያስቀመጠ ካለ ይመልስላት፣ ትልበሰው።

ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቅኸኝ። ባርናባስ የመጣው ምላሷን ሊከፍት ነው። የመቆሚያው ኃላፊ ማንም ሰው እዚህ መሣሪያ እንዳይፈታ ከልክሏል። ወንድምህ ደግሞ የፈቃድ ወረቀት አልነበረውም፤ አለቃው አልሰጠውም። «ሁለት ጊዜ ነገርኩት» አለኝ፤ «‹በመቐለ ባልዲ ውስጥ ዓመት ሙሉ ያልተሳሳተች ባሕር ስትገባ ለምን ትሳሳታለች፤ ያንተ አሠራር ነው› አለኝ።» ስለዚህ የጥምቀትን ዕረፍት ተጠቅሞ በራሱ መጣ። ቀትር ላይ፣ አገሩ ሁሉ ጫት ይዞ በተኛበት ሰዓት፣ እኔ ዘብ ቆምኩለት፣ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከፈታት። ከመቐለ በብልቃጥ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ያመጣውን የጨው ዝልግልግ ሆዷ ውስጥ በአዲስ ሞላባት፣ እዚያው ባሕሩ ዳር አሸጋት፣ መለሳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ቁጥሯ የጸናው። ይህ ቢታወቅ ሥራዬን አጣለሁ፤ ስለዚህ «ለማንም አትንገር» ብሎ አስማለኝ። የማለውን ሰው ያስማለው ሰው ሞት ይፈታዋል ወይ ብዬ ሼኹን ጠየቅኩ። ስም ለማዳን ከሆነ ይፈታል አሉኝ።

እንዴት እንዳወቀ ጠየቅኸኝ። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ የሆነውን ልንገርህ። መጀመሪያ ጥቅምት ላይ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ባዶ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ነበር፤ መቐለ ላይ ጠጥቶ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ዘግቶት። እዚህ ሲያወጣው ተጨማዶ፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሳቅንበትና መስኮቴ ላይ አስቀመጠው። በጥምቀት ሲመጣ ግን ገና ሰላም ሳይለኝ «ጠርሙሱ አለ?» አለኝ። አነሣው፣ አየው፣ «ይሄውልህ ጀላሉ፣ ይህን ያደረገው ነው ምላሴንም ያደረጋት» አለኝ። «እንዳትከፍተው» ብሎኝ ነበርና አልከፈትኩትም።

ማስረጃ ፈልገሃል። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ፣ ለሙነወር ሰጥቼዋለሁ። እንዳለ ተጨማዶ ነው። ሳትፈታው ለዶክተሩ ውሰድለትና ፊቱ ፍታው።

ጀላሉ


መቐለ
መጋቢት 17 ቀን 1999 ዓ.ም.

አቶ ጀላሉ፣

እርስዎ ሰው ያፌዝበት ዘንድ ሌላ ልጅ አጥተው ነው?

እንዳሉኝ አደረግሁ። እሽጉን ሳልፈታ፣ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ የወንድሜ መሥሪያ ቤት ወዳለበት ወደ እንዳ ኢየሱስ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። ዶክተሩ ከሰርካዲስና ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት አዳዲስ ምላሶች ተደርድረዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ይታሸጋሉ ተባለ። እኔም በሙሉ አፌ «ወንድሜ ለምን እንደሄደ ማስረጃ አለኝ» አልኩ። ሁሉም ሥራውን አቁሞ ዞረ። ሲባጎውን ፈታሁ። ጋዜጣውን ገለጥኩ።

ጠርሙስ ነው። ደህና፣ ቀጥ ያለ፣ ሱቅ ውስጥ ያለ የሚመስል ባዶ ጠርሙስ። ክዳኑ ተዘግቷል። አንድም የተጨማደደ ነገር የለውም።

«ተጨማዶ ነበር» አልኩ።

ዶክተሩ ጠርሙሱን አየው፣ እኔን አየኝ። «ውሃ ጠምቶህ ነው?» አለኝ። ሳቁ። ሰርካዲስ ብቻ አልሳቀችም፤ እሷም መሬት መሬት አየች። «ሐዘን ነው፤ ይሂድ፣ ይረፍ» አለ ደግሞ፣ ለነሱ፣ እኔ እንደሌለሁ አድርጎ። ከለቅሶው ሻይ ይልቅ ይህ አቃጠለኝ።

ቀይሮት እንደሆነ ልጠይቅ ሾፌሩን ሙነወርን መናኸሪያው አጠገብ ጠበቅኩት። «እኔ የሰው አደራ ፈትቼ አላውቅም፤ አንተን ስድብ ማን አስተማረህ?» አለኝ። እንግዲህ ወይ እሱ ዋሽቷል፣ ወይ እርስዎ። ዘብ ቆምኩ፣ ማልኩ፣ ሼኹን ጠየቅኩ ያሉኝ ሁሉ ምን ያህሉ እውነት ነው? እማዬን ስለ ድሪያው ነግሬያት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ነበር። አሁን ምን ልበላት?

ሁለተኛ አይጻፉልኝ።

ሔሩይ


መቐለ
መጋቢት 18 ቀን 1999

ለወንድሜ ለጀላሉ፣

ትናንት የላክሁት ደብዳቤ ከዚህኛው ቀድሞ ከደረሰህ እባክህ አቃጥለው። ደርሶህ ካነበብከው ይቅር በለኝ። የመጀመሪያውንም ስድብ ጨምረህ ይቅር በለኝ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ልጠይቅህ።

ጠርሙሱን ልጥለው ወጥቼ ነበር። ሜዳው ላይ አስቀምጬ በእግሬ ልረግጠው ስል ፀሐይ ዐረፈችበትና ጎኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች አየሁ። ላስቲክ አንዴ ከታጠፈ እጥፋቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መስመሮቹ ጠርሙሱን ከላይ እስከ ታች ዞረውታል። ይህ ጠርሙስ ተጨማዶ ነበር። ተጨማዶ ነበር፣ መቐለ ሲደርስ ግን ተነሣ።

እዚያው ሜዳ ላይ ቁጭ አልኩ። ከደብረ ታቦር ስንመጣ አውቶቡሱ ቁልቁለት ሲይዝ ጆሮዬ ይደፈን ነበር፤ ባርናባስ «ምራቅህን ዋጥ፣ ታች ያለው አየር ወፍራም ነው» ይለኝ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። መቐለ ከባሕሩ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ናት፣ አየራችን ስስ ነው። እዚህ ዘግተን የምናወርደው ዕቃ ሁሉ ስስ አየር ይዞ ይወርዳል፣ የታቹ ወፍራም አየር ይጫነዋል። ጠርሙስ ከሆነ ይጨማደዳል፤ ሲመለስ ደግሞ ይነሣል። ምላሷ ጠንካራ ናት፣ አትጨማደድም። ግን ባርናባስ እንዳሳየኝ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ አለቻት፤ ባሕሩን የምትነካው በዚያች ነው። ስለዚህ ባሕሩ በዚያች ተገፍቶ ገባና ውስጧ ያለውን የጨው ዝልግልግ አቀጠነባት። ያ ዝልግልግ ለሷ እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በየቀኑ ከቀለለ ሚዛኑ በየቀኑ ይዋሻል። መቐለ ባልዲ ውስጥ ግን የውስጡም የውጪውም አየር አንድ ነው፤ እንዴት ትሳሳት?

ባርናባስ ሲያሽጋት አልቸኮለም። ሁላችንም የምናደርገውን አደረገ፤ እዚሁ መቐለ ተቀምጦ አሸጋት። ዶክተሩ ቢሆንም እዚሁ ነበር የሚያሽጋት። አዲሶቹን ሦስት ምላሶችም እዚሁ ሊያሽጋቸው ነው።

ተጨማደደ ብዬ ደግሜ ብነግረው ያባርረኛል። አሁን የምፈልገው የተገላቢጦሹን ነው። አንድ ባዶ ጠርሙስ እዚያ፣ ባሕሩ ዳር ከፍተህ፣ አየሩን አስገብተህ፣ ጠበቅ አድርገህ ዝጋልኝ። የት ቦታ እንደምትዘጋው አንተ ታውቃለህ።

ይቅር በለኝ።

ሔሩይ


ጅቡቲ
መጋቢት 27 ቀን 1999

በአላህ ስም።

ሔሩይ ወንድሜ፣ ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ ደረሱ። ሁለተኛውን አስቀድሜ አነበብኩ፤ የመጀመሪያውን ዙሀራ ወሰደችብኝ፣ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

አዎ፣ ያችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የዘጋሁት። ቀትር ላይ፣ ልክ እሱ እንደተቀመጠው። ጨው ጨው ይሸታል፣ ትንሽም የዓሣ፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ስትከፍተው እንዳትደነግጥ።

የመቆሚያውን ኃላፊ ደግሞ ሄጄ ራሴ ነገርኩት። «ዶክተሩ ደውሎ ቢጠይቅህ እውነቱን ተናገር» አልኩት። አልሰማሁም ብሎ ፊቱን አዞረ። እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ። ነገን አላህ ያውቃል።

ለእናትህ የዙሀራን ሰላምታ አድርስ።

ጀላሉ


መቐለ
ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ለባርናባስ፣

የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን አልመለስክልኝም፤ የመለሰልኝ ጀላሉ ነው። ምን ልትሠራ እንደሄድክ አሁን አውቃለሁ። «ቆላ» ያልከኝ ፊዚክስ እንዳስብ ፈልገህ ነበር? እንዲያ ከሆነ መጥፎ የቤት ሥራ ነው የሰጠኸኝ።

ጠርሙሱ የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። እንደ ኳስ ጠንክሮ፣ ሆዱ ተነፍቶ። ምን እንደሆነ ለእማዬ ነገርኳት፤ አንተ የመጨረሻ ሥራህን የሠራህበት ቦታ አየር ነው አልኳት። ተቀበለችኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በዓሉን ሁሉ ከሷ አልተለየም። ማታ መሬት ላይ ስትተኛ ራስጌዋ ነበር። እኔ ልወስደው ፈልጌ ነበር፣ ግን እንዴት ብዬ እጠይቃታለሁ? ሳይከፈት ማስረጃ አይሆንም፤ ከተከፈተ ደግሞ የለም። እኔም ብሆን ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ጎኑን ስዳስሰው አንተን የነካሁ ይመስለኝ ነበር።

ሰማንያህ ወጣ። ትናንት ንጋት መናኸሪያ ሸኘኋት። እትዬ ኣብርሀት ስንቅ ቋጥረውላት አብረውን መጡ። አውቶቡሱ ውስጥ ከገባች በኋላ በመስኮት ጠራችኝና ጠርሙሱን ከነጠላዋ አውጥታ ሰጠችኝ። «አየር ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። «ስሙን አምጣልኝ።» ከሻንጣህ የተመለሰላትን ድሪያ ለብሳው ነበር፣ ከጥቁሩ ሥር።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። አልጋህ ላይ ነው የተኛሁት፤ አሁን የሚከለክለኝ የለም። እትዬ ኣብርሀት በር ላይ ቆመው «ወደይ፣ በሊዕካ'ዶ?» አሉኝ። ስለ እማዬ የጠየቁኝ መስሎኝ በልታለች ልል ነበር። እኔን ነው የጠየቁት። አልበላሁም አልኳቸው። ዳቦ ሰጡኝና እየበላሁ ዳገቱን ወጣሁ።

ሦስቱ ምላሶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሰርካዲስ ማሸጊያውን ሙጫ እያማሰለች ነው። ዶክተሩ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ሌላ ጠርሙስ?»

«አዎ።»

«ይህስ ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም። ይያዙት።»

ሊያባርረኝ አስቦ ነበር መሰለኝ፤ ሰርካዲስ ግን ማማሰሉን አቁማ አየችው። ያዘው። በአውራ ጣቱ ተጫነው። አልገባለትም።

«ማን ነፋው?»

«ማንም። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ተከፍቶ ተዘጋ። እዚህ መጣ። በቃ።»

ተቀበልኩትና ጆሮው አጠገብ ከፈትኩት። ጠርሙሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ እስካሁን ትንፋሹን ይዞ የኖረ ይመስል። የጨው ሽታ መጣ፣ ትንሽም የዓሣ። ከዚያ አለቀ። በቃ፣ ያ ነበር። ያንተ አየር ያ ነበር፣ ለሱ አፍንጫ ከፈልኩት።

ዶክተሩ ባዶውን ጠርሙስ አየ። ሦስቱን ምላሶች አየ። ሙጫውን አየ። እጁን በፊቱ ላይ አሳለፈ። «እዚህ ነው የምናሽጋቸው» አለ፤ ለማንም አይደለም። ሰርካዲስ የሙጫውን ዕቃ ክዳን ገጥማ ወደ ጎን አደረገችው።

«ባርናባስ ነግሮዎት ነበር» አልኩ።

«ስለ ከፍታው ነገር አንሥቶልኝ ነበር» አለ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ሁለት ጊዜ» አለ።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የእማዬን ስልክ ጠየቀኝ። ስልክ የላትም አልኩት። ቆይቶ «አንተ አስረዳልኝ እንግዲህ» አለኝ። በለቅሶው ላይ ያን የተናገርኩት እኔ አይደለሁም፤ ይህንንም እንዲሁ ነገርኩት። ድምፄ ጮክ ብሎ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች በር ላይ መጥተው ቆሙ፣ ያን ቀን የሳቁት። አንዳቸውም አልሳቀም። ወረቀት አንሥቶ መጻፍ ጀመረ። ትከሻው ላይ ቆሜ አነበብኩ፤ «በተፈጠረው አለመግባባት» ብሎ ጀመረ።

«ማን ነው የፈጠረው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ያስወጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀቱን ቀደደና ሌላ አነሣ። ይህኛው አጭር ነው። ልጅዎ ባርናባስ ጅቡቲ የሄደው የሁላችንንም ሥራ ሊያድን ነው፤ አድኖታልም፤ እኔ በለቅሶው ላይ የተናገርኩት እውነት አልነበረም፤ መሣሪያዋ የተሳሳተችው በሱ ጥድፊያ ሳይሆን በኔ አለመስማት ነው፤ ይላል። ፈረመበት። ከዚያ እንደ ልማዱ ይሆናል፣ «ማኅተም ይደረግበት?» አለኝ።

«ይደረግበት» አልኩ። ሰርካዲስ ነች የመታችው። ሁለት ጊዜ መታችው።

እማዬ ማንበብ እንደማትችል አልነገርኩትም። ለሰንበቴ ሲሰበሰቡ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነብላታል። እሱም ሰው በተሰበሰበበት ነበር የተናገረው፤ ይሰማ።

ይቅርታ እንዳደረግኩለት አይምሰልህ። ስወጣ እጁን ዘርግቶልኝ ነበር፣ ጠርሙሱን ይዤ ስለነበር አልጨበጥኩትም። በሌላው እጄ መጨበጥ እችል ነበር።

ቁልቁል ወርጄ መናኸሪያ ሄድኩ። ደብዳቤውን ነገ ደብረ ታቦር ለሚሄደው የአውቶቡስ ረዳት ሰጠሁ። ሙነወር አጠገቡ መኪናውን እያጠበ ነበር፤ ነገ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ባዶውን ጠርሙስ አንድ ጊዜ አራገፍኩት፣ አፉን ወደ ነፋሱ ያዝኩት፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት።

«ለጀላሉ ስጠው» አልኩት።

«ባዶ ነው እኮ» አለኝ ሙነወር። «ወረቀትስ የለውም?»

«የለውም። እዚያ ሲደርስ ይጨማደዳል። እሱ ያነበዋል።»

ሙነወር ራሱን ነቀነቀና ጠርሙሱን ከመቀመጫው ኋላ ወሸቀው። እኔም ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ነበር።

ወንድምህ ሔሩይ